የእንግሊዝ ኮቴጅ አትክልት በቤት ደጃፍ፦ ከአጥሩ በር እስከ ቤቱ በር

የእንግሊዝን ኮቴጅ (የገጠር ጎጆ) የአትክልት ቦታ በፎቶ ያየ ሰው ዘሩ እንዲሁ ተበትኖ የበቀለ ይመስለዋል። ጽጌረዳው በበሩ ላይ ተጠምጥሟል፣ ፎክስግሎቩ ከአጥሩ በላይ አንገቱን አውጥቷል፣ ላቬንደሩ መንገዱ ላይ ተኝቷል። ይህ ልቅ የሚመስል መልክ ግን የሚቆመው በጥብቅ አጥንት ላይ ነው፦ ቀጥ ያለ መንገድ፣ ዝቅ ያለ አጥር፣ በብርድ ወራት ቅጠላቸው የማይረግፍ ጥቂት ቁጥቋጦዎች፣ በየቦታው ደጋግመው የሚታዩ ጥቂት የአበባ ዓይነቶች። እነዚህ ከሌሉ በጁን ያማረው ቦታ በጃንዋሪ ባዶ ጭቃ ይሆናል። (ወራቱንና ዓመታቱን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር እጠራለሁ።) ጓሮ ቢሆን ግድ የለም፤ በብርድ የሚወጣበት የለም። በደጃፉ በኩል ግን ጠዋትና ማታ ይታለፋል፣ ጎረቤት ያየዋል፣ ፖስተኛ ይመላለስበታል። ስለዚህ የደጃፍ ኮቴጅ አትክልት ሲነደፍ መጀመሪያ የሚታሰበው ጃንዋሪ ነው፤ ጁን ራሱን ይችላል።

ይህ አትክልት ከመነሻው የድሃ ሰው ነበር። የእርሻ ሠራተኛው በትንሽ ጎጆው ፊት ጎመን፣ ባቄላ፣ ሽንኩርትና የመድኃኒት ቅጠል ይተክላል፤ አንድ የፖም ዛፍ ይኖረዋል፤ በተረፈው ቦታ ከጎረቤት የተቀበለውን አበባ ይሰካል። መንገዱ ቀጥ ያለው ባልዲ ተሸክሞ የሚሄድ ሰው ስለማይዞር ነው፤ ተክሉ የተጠጋጋው ቦታ ስለሌለ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ አትክልተኞችና ጸሐፊዎች የነበሩት ዊሊያም ሮቢንሰን (1838–1935) እና ገርትሩድ ጄኪል (1843–1932) ይህን አተካከል ከፍ አድርገው ወሰዱት። በዘመኑ በትልልቅ ቤቶች የተለመደው በየወቅቱ እየተነቀለ የሚተካ፣ እንደ ምንጣፍ የተሰደረ የአበባ መደብ ነበር፤ እነርሱ ግን ለዓመታት የሚቆዩ ጠንካራ ተክሎችን አቀላቅሎ መትከልን አስተማሩ። ከእነርሱ በኋላ አትክልተኛዋ ማርጀሪ ፊሽ (1892–1969) በሶመርሴት፣ በኢስት ላምብሩክ ማነር፣ ያለ ብዙ አትክልተኛ ሊያዝ የሚችለውን መልክ ሰጠችው። ዛሬ በአንድ ቤተሰብ ጉልበት የሚያዘው የደጃፍ አትክልት ይበልጥ የሚቀርበው ለእርሷ ሥራ ነው።

መለካትና ማስተዋል

እዚህ የምይዘው ምሳሌ በእንግሊዝ ከተሞች ዳር በብዛት የሚታየው ጥንድ ሆኖ የተሠራ ቤት ነው፤ የደጃፉ ስፋት 6 ሜትር፣ ከግድግዳው እስከ እግረኛ መንገዱ 5 ሜትር፣ በጠቅላላው 30 ካሬ ሜትር። ቦታውን 2 ሴንቲ ሜትር ለ1 ሜትር በሆነ ልክ ወረቀት ላይ አስፍሩት። በሩን፣ የመስኮቱን ታችኛ ጠርዝ ከፍታ፣ የጋዝና የመብራት ቆጣሪ ሳጥኖችን፣ የፍሳሽ ክዳኖችን፣ በግድግዳው ግርጌ ያሉትን የአየር ማስገቢያ ቀዳዳዎች፣ የቆሻሻ በርሜሎቹ የሚቆሙበትን ቦታ ሁሉ አስገቡ። የቆጣሪው በር ሙሉ በሙሉ መከፈት አለበት፤ የፍሳሽ ክዳን ላይ አፈር አይለበስም።

ከሁሉ በላይ አንድ መስመር ፈልጉ። በእንግሊዝ ቤቶች ግድግዳ ግርጌ፣ በጡቦቹ መካከል በአግድም የሚሄድ እርጥበት ከልካይ ንጣፍ አለ፤ ብዙውን ጊዜ እንደ ቀጭን ጥቁር መስመር ይታያል። አፈሩም ሆነ የመንገዱ ንጣፍ ከዚህ መስመር ቢያንስ 15 ሴንቲ ሜትር፣ ማለትም ሁለት ረድፍ ጡብ ያህል፣ ዝቅ ማለት አለበት። አዲስ አትክልት ሲሠራ ኮምፖስት ይጨመራል፣ በየዓመቱም ይደገማል፤ መደቡ ቀስ በቀስ ከፍ ይልና መስመሩን አልፎ የአየር ቀዳዳውን ይደፍናል። ከዚያ በኋላ በውስጥ በኩል የግድግዳው ቀለም መፋቅ፣ የእንጨቱ ወለል መሻገት ይጀምራል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ በግድግዳው ሥር 30 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው የጠጠር መስመር ተዉ፤ አፈር አይጠጋበትም።

ፀሐዩን በማርች መጨረሻና በጁን አስተውሉ። በቀን 6 ሰዓትና ከዚያ በላይ የሚያገኝ ደጃፍ ላቬንደርም ጽጌረዳም ይይዛል። ወደ ሰሜን የዞረ ከሆነ ላቬንደሩን እርሱት፤ በፎክስግሎቭ፣ በአስትራንቲያ፣ በጃፓን አኒሞኒና ጥላ በሚችሉ ጀራኒየሞች የሚያምር ቦታ ይወጣል። ጥላ ላይ በግድ የተተከለ ላቬንደር ሁለት ዓመት ቀጭን ሆኖ ቆይቶ ይሞታል።

ከመንገድ ወደ ቤት የሚገቡት የውሃ፣ የጋዝና የመብራት መስመሮች የሚያልፉት በዚሁ መሬት ሥር ነው፤ የመንገዱ ጉድጓድ በእጅ ይቆፈር እንጂ ማሽን አይግባበት። ሕጉንም ማወቅ ይገባል። በእንግሊዝ ተሽከርካሪ ከሚያልፍበት መንገድ አጠገብ ያለ አጥር ከ1 ሜትር በላይ ከሆነ ፈቃድ ይጠየቅበታል። ከኦክቶበር 1 ቀን 2008 ጀምሮ ደግሞ በቤት ፊት ከ5 ካሬ ሜትር በላይ ውሃ በማያሰርግ ንጣፍ መሸፈን፣ ውሃው ወደ አፈር እንዲሄድ ካልተደረገ በቀር፣ ፈቃድ ይፈልጋል። ይህ ሁለተኛው ደንብ አሁን የምንሠራውን መንገድ በቀጥታ ይነካል።

መንገዱ

ስፋቱ 1.2 ሜትር ይሁን። ብዙ ሰው 90 ሴንቲ ሜትር ይበቃል ብሎ ይጀምራል፤ በዳርና ዳር የሚተከሉት ላቬንደሩና ካትሚንቱ ሲያድጉ ግን ከየወገኑ 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ መንገዱ ይተኛሉ። 1.2 ሜትሩ 80 ይሆናል፤ 90 የነበረው ደግሞ 50 ይሆንና ዝናብ በጣለ ቁጥር ሱሪ የሚያረጥብ፣ የሕፃን ጋሪ የማያሳልፍ መሽሎኪያ ሆኖ ይቀራል። ተክሉን በመቀስ ወደ ኋላ መመለስ የኮቴጁን መልክ ያጠፋል፤ ስለዚህ ስፋቱ ከመጀመሪያው ይሰጥ። በዚህ ትንሽ ቦታ ጠመዝማዛ መንገድም አልመክርም። ምክንያት የሌለው ጠመዝማዛ ሰው ያቋርጠዋል፣ በሁለት ወር ውስጥም አበባው መሃል ሁለተኛ መንገድ ይወጣል።

ለንጣፉ በጣም የሚስማማው ቀይ የሸክላ ጡብ ነው። ነገር ግን የግድግዳ ጡብ አይደለም፤ ለንጣፍ ተብሎ የተተኮሰ፣ ውርጭ የሚችል ይሁን። ከፈረሰ አሮጌ ቤት የተገኘ ለስላሳ ጡብ መልኩ ቢማርክም ከመሬት ውሃ ይመጥጣል፤ ውሃው ሲበርድ ይሰፋና የጡቡን ፊት ይልጠዋል፤ ጥቂት የብርድ ወቅቶች ሲያልፉ ወለሉ ይፈራርሳል።

20 በ10 ሴንቲ ሜትር፣ ውፍረቱ 5 ሴንቲ ሜትር የሆነ የንጣፍ ጡብ ብትይዙ ሂሳቡ እንዲህ ነው። ለ1 ካሬ ሜትር 50 ጡብ ይሄዳል። ከየወገኑ አንድ ረድፍ ጡብ በርዝመቱ እንደ ከንፈር ሲቀመጥ 20 ሴንቲ ሜትር ይወስዳል፤ መሃሉ 1 ሜትር ይቀራል። ሁለት ጡብ ጎን ለጎን፣ ከዚያ ሁለት ጡብ በተቃራኒ አቅጣጫ እያደረጉ የቅርጫት ሽመና በሚመስል አሰዳደር ቢነጠፍ ይህ 1 ሜትር ያለ አንድ ቆረጣ ይሞላል። የዓሣ አጥንት የሚመስለው አሰዳደር ይበልጥ ይያያዛል፣ ግን በሁለቱም ዳር ጡብ መቁረጥ ግድ ይላል፤ እግረኛ ብቻ ለሚሄድበት መንገድ ያ ድካም አያስፈልግም። ለከንፈሩ 50፣ ለመሃሉ 250፣ ለሚሰበረው 10 በመቶ ጨምሩ፦ 330 ጡብ።

ቁፋሮው ከሚፈለገው ወለል 19 ሴንቲ ሜትር ይወርዳል፦ 10 ለተጠቀጠቀ የተፈጨ ድንጋይ፣ 4 ለአሸዋ፣ 5 ለጡቡ። የተፈጨው ድንጋይ ትልቁም ብናኙም የተቀላቀለበት ይሁን፤ እኩል እኩል የሆነ ጠጠር አይጠቀጠቅም። ወደ 1.25 ቶን ይፈልጋል። በ5 ሴንቲ ሜትር ንብርብር አስገብታችሁ እያንዳንዱን በኪራይ መጠቅጠቂያ ማሽን ምቱ፤ 10ሩን በአንዴ ካፈሰሳችሁት ላዩ ብቻ ይጠነክርና በዓመቱ መንገዱ ይሰምጣል። ከንፈሩን በመጀመሪያ በኮንክሪት አቁሙ፤ ኮንክሪቱ በውጭ በኩል ተዳፋት ሆኖ ከጡቡ ከፍታ ግማሽ ላይ ይቁም፤ ከዚያ በላይ ከወጣ ዳር ላይ የሚተከለው ሥር የሚይዘው አፈር አያገኝም። ኮንክሪቱ ከደረቀ በኋላ ደረቅና ሻካራ የግንባታ አሸዋ አፍስሱ፣ በቀጥተኛ ጣውላ አስተካክሉ፣ ሳትረግጡት ጡቡን ከላይ እያስቀመጣችሁ ወደ ፊት ሂዱ፣ በጎማ መዶሻ ምቱ፣ በውሃ ልክ ፈትሹ። በመጨረሻ በጣም ደረቅ የሆነ ደቃቅ አሸዋ በመጥረጊያ ወደ መጋጠሚያዎቹ አስገቡ።

ወለሉ ወደ አንድ ጎን ይዘንብል፤ በ1.2 ሜትሩ ስፋት ላይ 2 ሴንቲ ሜትር ይበቃል። ዝናቡ ወደ አበባው መደብ ይወርዳል፤ 6 ካሬ ሜትሩ መንገድም ከላይ ካነሳሁት ደንብ ጋር አይጋጭም። መሬቱ ጭቃማ ከሆነ ውሃው የሚወርድበት ዳር ላይ ላቬንደር አትትከሉ።

ከመንገዱ የወጣው አፈር ከ1 ሜትር ኩብ በላይ ነው። የላይኛውን ጥቁር አፈር ለዩና ለመደብ አቆዩ፤ ከሥር የወጣውን ቢጫ ሸክላ አስወጡት። እሱን መደብ ላይ መበተን ለዓመታት የሚከተል ጥፋት ነው።

አጥርና በር

ከ90 ሴንቲ ሜትር የማይበልጥ የእንጨት አጥር ከሁሉ ይሻላል። ከእግረኛ መንገድ ሲታይ አበባው ከላይ ይታያል፣ በመሃሉም ንፋስ ያልፋል፤ ድፍን አጥር ግን ነፋሱን ገልብጦ ረጃጅሙን አበባ ይሰብራል። ቋሚዎቹ 7.5 በ7.5 ሴንቲ ሜትር፣ በየ1.8 ሜትሩ፣ ቢያንስ 45 ሴንቲ ሜትር ይቀበሩ፤ የበሩ ቋሚዎች 10 በ10 ሆነው 60 ሴንቲ ሜትር ይውረዱ። በርን የሚሸከም ቋሚ ከሌሎቹ እኩል ከተቀበረ በሩ ወደ ታች ይጎትተዋል። የኮንክሪቱ አናት ከእንጨቱ ወደ ውጭ ይዘንብል፤ ውሃ የሚይዝ ከሆነ እንጨቱ የሚበሰብሰው ልክ በአፈሩ ወለል ላይ ነው። ጣውላዎቹ ከመሬት 5 ሴንቲ ሜትር ይነሱ። በመድኃኒት የተነከረ እንጨት በተቆረጠ ቁጥር የተቆረጠው ፊት እንደገና መቀባት አለበት፤ መድኃኒቱ እስከ ልቡ አይገባም። በሩ 1 ሜትር ይሁን፣ ወደ ውስጥ ይከፈት።

የቆሻሻ በርሜል በዚህ አትክልት ውስጥ የማይቀር ነገር ነው። 240 ሊትር የሚይዘው 107 ሴንቲ ሜትር ይቆማል፣ 58 ሴንቲ ሜትር ይሰፋል። ከበሩ ርቆ ከአጥሩ ጥግ፣ በእንጨት ርብራብ ተከልሎ ይቀመጥ፤ እስከ መንገዱም ጎማ የሚሄድበት ጠንካራ ወለል ይኑረው። በርሜሉ በየሳምንቱ በአበባ መሃል የሚጎተት ከሆነ የዲዛይኑ ጉድለት ነው።

አፈሩ

መጀመሪያ አረሙ። ቢንድዊድ የሚባለው ነጭ ሥር ያለው ሐረግ፣ ግራውንድ ኤልደርና ሰርዶ የመሰለው ካውች ሣር ካሉ ሳታጠፉ አትትከሉ፤ 3 ሴንቲ ሜትር ቁራጭ ሥር አዲስ ተክል ያወጣል፣ በጽጌረዳው ሥር ከተጠላለፈ ደግሞ ሁለቱን መለየት አይቻልም። በጣታማ መቆፈሪያ እየፈታችሁ ሥሩን ሳትቆርጡ ሳቡ፤ በአካፋ መቆራረጥ ማባዛት ነው። መሬቱ በጣም ከተያዘ አንድ ሙሉ የእድገት ወቅት በጥቁር ሸራ መሸፈን ትዕግሥት ቢጠይቅም ያዋጣል።

ከዚያ 5 ሴንቲ ሜትር ኮምፖስት በመደቡ ላይ አልብሱ፣ ከላይኛው 20 ሴንቲ ሜትር አፈር ጋር ቀላቅሉት። ለ20 ካሬ ሜትር መደብ 1 ሜትር ኩብ ይበቃል፤ በ50 ሊትር ከረጢት ቢሰላ 20 ከረጢት ነውና በትልቁ ጆንያ ማስመጣቱ ይረክሳል። ከዚህ በላይ አታድልቡት። ፍግ የበዛበት መሬት ረጅም፣ ለስላሳና ወዳቂ ግንድ ያወጣል፣ ክሽክሽም ይወደዋል። ላቬንደርና ዲያንተስ የሚገቡበትን ቦታ ጭራሽ ኮምፖስት አታስነኩት። አፈሩ ጭቃማ ከሆነ ጠጠር ቀላቅላችሁ 15 ሴንቲ ሜትር ከፍ ያለ ጉብታ ሥሩለት። ላቬንደርን በእንግሊዝ የሚገድለው ብርዱ ብቻውን አይደለም፤ በብርድ ወራት ሥሩ ላይ የሚተኛው ውሃ ነው።

አተካከሉ

በጃንዋሪ የሚታዩትን አስቀድሙ። ሦስት ክብ ሆነው የሚገረዙ የዩ (ቅጠሉ ዓመቱን ሙሉ የማይረግፍ ዛፍ) ቁጥቋጦዎች፣ እያንዳንዳቸው 60 ሴንቲ ሜትር ገደማ፦ አንዱ በበሩ አጠገብ፣ ሁለቱ በአጥሩ በር ግራና ቀኝ፣ ከመንገዱ ጠርዝ 50 ሴንቲ ሜትር ገባ ብለው። ቀድሞ ለዚህ ቦታ የሚመረጠው ቦክስ የሚባለው ቁጥቋጦ ነበር፤ ዛሬ ግን ቅጠሉን የሚበላው አባጨጓሬና የሚያደርቀው ፈንገስ በብዙ የእንግሊዝ ክፍል ስለተስፋፉ አዲስ ቦክስ መትከል ገንዘብ መጣል ነው። ዩ መርዛማ መሆኑን አትርሱ፤ ትንንሽ ልጆች ባሉበት ቤት የጃፓን ሆሊ ይግባ።

አንድ የፖም ዛፍ ከመስኮቱ ፊት ሳይሆን ወደ ጥጉ፣ ከግድግዳው 3 ሜትር ርቆ። የሥር ግንዱን ዓይነት ሳትጠይቁ አትግዙ። ኤም 26 በሚባለው ላይ የተዳቀለ ፖም 3 ሜትር ገደማ ሆኖ ይቆማል፤ ኃይለኛ ሥር ያለው ግን በአሥር ዓመት ደጃፉን ያጨልማል።

በበሩ ላይ የሚወጣው ጽጌረዳ የዚህ አትክልት ፊት ነው። ማዳም አልፍሬድ ካሪዬር (1879) ነጭ፣ መዓዛማ፣ የሰሜን ግድግዳ እንኳ የሚችል ነው፣ ግን ብርቱ ነውና ቦታ ይፈልጋል። ዜፊሪን ድሩዋን (1868) እሾህ ስለሌለው ለበር ተብሎ ይመከራል፤ እኔ ግን ደረቅና ሙቅ ግድግዳ ላይ አልመርጠውም፤ በቅጠል ነቁጥና በዱቄት መሰል ሻጋታ ይጠቃል። ከግድግዳው 45 ሴንቲ ሜትር አርቃችሁ ትከሉ፤ ከግድግዳው ሥር ዝናብ አይደርስም። ሽቦዎቹ በአግድም ይወጠሩ፣ የመጀመሪያው ከመሬት 45 ሴንቲ ሜትር፣ ቀጥሎ በየ40ው፣ ከግድግዳው 5 ሴንቲ ሜትር ተነጥለው አየር ይግባባቸው። ቅርንጫፎቹን በተቻለ መጠን ወደ አግድም አጎንብሳችሁ እሰሩ። ቀጥ ብሎ የወጣ ቅርንጫፍ አበባ የሚሰጠው አናቱ ላይ ብቻ ነው፤ ሲጎነበስ ግን በርዝመቱ ሁሉ እምቡጥ ያወጣል። ሰዎች "ጽጌረዳዬ ጣሪያ ላይ ብቻ ያብባል" የሚሉት ከዚህ የተነሳ ነው። ቅርንጫፉን በሽቦው ፊት እሰሩት እንጂ ከኋላ አትሽጉት፤ ሲወፍር ሽቦውን ይነቅላል።

በመደቡ ውስጥ ደግሞ ሦስት የቁጥቋጦ ጽጌረዳ፣ በ1 ሜትር ርቀት። ገርትሩድ ጄኪል የሚባለው፣ በ1986 የወጣው ሮዝ፣ መዓዛው ከባድ ነው፤ እሾሁም ብዙ ነውና ከመንገዱ ቢያንስ 80 ሴንቲ ሜትር ይግባ። ሥሩ ባዶውን የሚሸጠው ከኖቬምበር እስከ ማርች ይተከላል፤ ርካሽም የተሻለም ነው። አሮጌ ጽጌረዳ በነበረበት ጉድጓድ አዲስ አታስገቡ፤ አዲሱ ሳያድግ ይቀራል። ግድ ከሆነ 60 ሴንቲ ሜትር ስፋትና 45 ጥልቀት ያለው አፈር ወጥቶ በሌላ ይተካ።

አሁን የመንገዱ ዳር። ላቬንደርን ከጫፍ እስከ ጫፍ መደርደር የተለመደ ነው፣ አልወደውም፤ ላቬንደር ዕድሜው አጭር ነው፣ አንዱ ሲሞት ጥርስ የወለቀ ይመስላል። ይልቅ አምስት ላቬንደር፣ ቀጥሎ ሦስት ካትሚንት፣ ቀጥሎ ሁለት አልኬሚላ፣ ከማዶም ቅደም ተከተሉን አዛብታችሁ ድገሙ። የላቬንደሩ ርቀት 30 ሴንቲ ሜትር፣ የካትሚንቱ 50። ከላቬንደር ዝርያዎች ሂድኮትና መንስቴድ አጫጭር ናቸው፤ መንስቴድ ስሙን ያገኘው ገርትሩድ ጄኪል ትኖርበት ከነበረው፣ በሰሪ (Surrey) አውራጃ ካለው ቤት ነው።

ከዚህ ወደ ውስጥ የሚገባው ትልቁ ምስጢር መደጋገም ነው። ችግኝ መሸጫ ገብቶ ያማረውን ሁሉ አንድ አንድ መግዛት የዚህ አትክልት ዋነኛ ውድቀት ነው፤ አርባ ዓይነት አንድ አንድ ሲተከል ዓይን የሚያርፍበት ያጣል። አሥራ ሁለት ገደማ ዓይነት ምረጡ፣ እያንዳንዱን ሦስት ወይም አምስት አድርጋችሁ በአንድነት ትከሉ፣ ግማሾቹን ቢያንስ በሦስት ቦታ ድገሙ። ለምሳሌያችን፦ አምስት ጀራኒየም ሮዛን፣ ስድስት ፍሎክስ፣ ስድስት አስትራንቲያ፣ ስድስት አስተር መንሽ፣ ስድስት ሴደም፣ ዘጠኝ አኩሌጂያ፣ አሥራ ሁለት ፎክስግሎቭ፣ አምስት ሆሊሆክ፣ አምስት ካምፓኑላ፣ ሦስት የጃፓን አኒሞኒ። እዚህ ላይ ጀራኒየም ስል በአገራችን በቆርቆሮና በማሰሮ የሚተከለውን አይደለም፤ ያ በእንግሊዝ ውርጭ ይሞታል። የሜዳው ጀራኒየም ከሥሩ በየዓመቱ የሚያቆጠቁጥ ነው። ሮዛን ከጁን እስከ ውርጭ ያለ ዕረፍት ስለሚያብብ በ2013 በለንደን በሚካሄደው የቼልሲ የአበባ ትርኢት መቶኛ ዓመት ምርጥ ተክል ተብሏል፤ ለትንሽ ደጃፍ ከእሱ የሚበልጥ አላውቅም።

የእነዚህ ቁጥር የተመረጠው አበባው በጁን ብቻ እንዳያልቅ ነው። ችግኝ መሸጫዎች በሜይና በጁን ይሞላሉ፤ ሰው ያን ጊዜ ያበበውን ይገዛል፤ ስለዚህ ኦገስት ላይ ደጃፉ ቡናማ ይሆናል። ፍሎክስ፣ ሴደም፣ አስተርና አኒሞኒ ሳያብቡ መገዛት አለባቸው። ለመጀመሪያዎቹ ወራት ደግሞ እንደ ሽንኩርት ራስ ያላቸውን በመሬት ቅበሩ፦ 100 ስኖድሮፕ ከፖሙ ሥር፣ 30 አሊየም በጽጌረዳዎቹ መካከል 15 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት በሴፕቴምበርና ኦክቶበር፣ 60 ቱሊፕ በኖቬምበር። ቱሊፕ የሚዘገየው ብርዱ የፈንገስ በሽታውን ስለሚቀንስለት ነው። የአሊየም ቅጠል ከማበቡ በፊት ይጠወልጋል፤ ከፊቱ ጀራኒየም ካለ አይታይም።

ፎክስግሎቭ ሁለት ዓመት የሚኖር ነው፦ በመጀመሪያው ቅጠል፣ በሁለተኛው አበባ፣ ከዚያ ሞት። በጁን ዝሩት፣ ዘሩን በአፈር አትሸፍኑት፤ ብርሃን ይፈልጋል። በተከታታይ ሁለት ዓመት ከዘራችሁ ከዚያ በኋላ ራሱ ዘሩን እየጣለ ያለ ክፍተት ይቀጥላል። ሁሉም ክፍሉ መርዝ ነው፤ ልጆች ይነገራቸው።

ሆሊሆክ ያለ ዋግ አይገኝም ማለት ይቻላል፤ በቅጠሉ ጀርባ ብርቱካንማ ነጠብጣብ ይወጣና ከታች ወደ ላይ ይደርቃል። ይህን ከመዋጋት መደበቅ ይሻላል፦ ከአጥሩ ወይም ከግድግዳው ጠጠር አጠገብ አቁሙት፣ ከፊቱ ፍሎክስ ትከሉ፣ የታመመውን ቅጠል እየለቀማችሁ ጣሉ፣ ካበበ በኋላ ነቅላችሁ በአዲስ ችግኝ ተኩት።

የጥንቱ ኮቴጅ ቅጠላ ቅጠል ነበረውና ከበሩ አጠገብ ጦስኝ፣ ሳልቪያና ሽንኩርት ቅጠል ይግቡ። የእንግሊዙ ጤና አዳም ከኛው ጋር የቅርብ ዘመድ ሲሆን የጥንት የኮቴጅ ተክል ነው፤ ጭማቂው ቆዳ ነክቶ ፀሐይ ሲያርፍበት ያቃጥላልና ከመንገዱ ዳር ርቆ ይተከል። በሶብላ ውርጭ አይችልም፤ በኤፕሪል ቤት ውስጥ በዕቃ ተዘርቶ በጁን ይውጣ። ከኢትዮጵያ ተራሮች የሄደ አንድ አበባም እዚህ የተወደደ ነው፦ ግላዲዮለስ ሙሪዬሌ፣ ነጭ፣ መሃሉ ወይን ጠጅ፣ ማታ መዓዛው የሚበረታ። በሜይ መጀመሪያ ራሶቹን 10 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት፣ በ30 ሴንቲ ሜትር ማሰሮ አሥር አሥር አድርጋችሁ ቅበሩ፤ ኦገስት መጨረሻና ሴፕቴምበር ላይ ሌላው ሁሉ ሲደክም ያብባል። ውርጭ ሳይመጣ ማሰሮውን ወደ ደረቅ ቦታ አስገቡ።

ሚንት፣ ቪንካና ክሮኮስሚያ በመሬት አይተከሉ፤ በሦስት ዓመት ደጃፉን ይወርሳሉ። የጃፓን አኒሞኒም ይስፋፋል፤ ጥቅጥቅ ካለ የዩ ቁጥቋጦ ጀርባ ካስቀመጣችሁት ይገታል።

የመጀመሪያው ዓመትና ከዚያ ወዲያ

የመትከያው ጊዜ ከሴፕቴምበር መጨረሻ እስከ ኦክቶበር ነው፤ አፈሩ ገና ሙቅ ነው፣ ዝናብም አለ። ላቬንደር ብቻ ለኤፕሪል ይቆይ። በመጀመሪያው በጋ (በእንግሊዝ ከጁን እስከ ኦገስት ነው) ዝናብ ከጠፋ ለእያንዳንዱ ጽጌረዳና ለፖሙ በሳምንት 10 ሊትር ስጡ፤ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ መርጨት ሥሩን ላይ ያስቀረዋል።

መደቡ በመጀመሪያው ዓመት የሳሳ ይመስላል፤ ክፍተቱን በሌላ ቋሚ ተክል አትሙሉት፣ በሦስተኛው ዓመት እርስ በርስ ይታነቃሉ። በማርች መጨረሻ ናይጄላ፣ ካሌንዱላና የፖፒ ዘር በተኑበት፤ በዚያው በጋ አብበው ይሄዳሉ። ስዊት ፒን ደግሞ በአጥሩ ላይ አውጡት፣ አበባውን በየሁለት ቀኑ ቁረጡ፤ ዘር ከያዘ ማበቡን ያቆማል።

ረጃጅሞቹን ሳይወድቁ ደግፏቸው። በኤፕሪል፣ ተክሉ 20 ሴንቲ ሜትር ሳለ፣ ቅርንጫፋማ የሃዘል እንጨት በዙሪያው ሰክታችሁ አናቱን ወደ ውስጥ አጠላልፉ፤ ተክሉ በውስጡ ያድግና ድጋፉን ይሸፍነዋል። ከወደቀ በኋላ በአንድ ችካል የታሰረ አበባ ታንቆ የቆመ ይመስላል። በሜይ መጨረሻ፣ የቼልሲ ትርኢት ሳምንት፣ የፍሎክስና የሴደም ግንዶችን በሲሶ አሳጥሩ፤ ከየቡድኑ ግማሹን ብቻ ብትቆርጡ ያልተቆረጠው ቀድሞ፣ የተቆረጠው ሁለት ሦስት ሳምንት ዘግይቶ ያብባል።

ቅርፊት አልባው ቀንድ አውጣ የእንግሊዝ ሁሉ ጭንቅ ነው። ሜታልደሃይድ ያለበት ሰማያዊ መርዝ ከ2022 ጸደይ ጀምሮ በደጅ መጠቀም ተከልክሏል። የሚሠራው አፈሩ ከ5 ዲግሪ በላይ ሲሞቅ በውሃ የሚረጭ ኔማቶድ የሚባል ረቂቅ ትል ነው፤ ለስድስት ሳምንት ያህል ይከላከላል። ዴልፊኒየም ሳላነሳ የቀረሁት በዚህ ምክንያት ነው፤ እርጥብ በሆነ ደጃፍ በየምሽቱ ካልተጠበቀ ሜይ አይደርስም። ካምፓኑላው ያንኑ ሰማያዊ ይሰጣል።

አልኬሚላው አብቦ ሳይዘራ በጁላይ እስከ መሬት ይቆረጥ፤ በአሥር ቀን ትኩስ ቅጠል ያወጣል። ላቬንደሩ በኦገስት፣ አረንጓዴው ክፍል ብቻ፤ አሮጌው እንጨት ከተነካ አያቆጠቁጥም። በመጸው ሁሉንም አትጨዱ። የሴደምና የአስተሩ ደረቅ ግንድ እስከ ፌብሩዋሪ ይቁም፤ ውርጭ ሲያርፍበት ከዩዎቹ ጋር ሆኖ ደጃፉን የሚይዘው እሱ ነው። በፌብሩዋሪ መጨረሻ የስኖድሮፕ ጫፍ ሳይሰበር ቁረጡት፣ ጽጌረዳውን ግረዙ፣ ከላቬንደሩና ከዲያንተሱ ቦታ በቀር 5 ሴንቲ ሜትር ኮምፖስት ጎዝጉዙ፤ ከግንዶቹ አንገት ራቅ ብሎ፣ ከግድግዳው ጠጠርም ወዲህ። በአራተኛው ዓመት ፍሎክሱና አስተሩ መሃላቸው መድረቅ ይጀምራል፤ በማርች ነቅላችሁ ከዳሩ ያለውን ለጋ ክፍል ከፋፍላችሁ መልሱት፣ የተረፈውን በአጥሩ ላይ ለጎረቤት ስጡ።